ቪፒኤን ሲበራ የሚከፈት ድረ ገጽ ሁሉ ታግዷል ማለት ነው?

ሐዋሳ ፒያሳ ባሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ሐይቅ ዳር ባሉት ካፌዎች አንድ ዓይነት ሙግት በየጊዜው ይሰማል። ቴሌግራም ይሠራል፣ ዩቲዩብም ይጫወታል፤ የስኮላርሺፕ ማመልከቻው ወይም የሥራ ማስታወቂያው ገጽ ግን እየዞረ ይቀራል። አንዱ «ተዘግቷል» ይላል፣ ሌላው «ኔትወርኩ ነው» ይላል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ቪፒኤን ያበራል፤ ገጹ ወዲያው ይከፈታል፤ ክርክሩም እዚያው ይዘጋል። ቪፒኤን ከከፈተው ታግዶ ነበር ማለት ነው።

ይህ ድምዳሜ አንዳንዴ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ያሳስታል። ቪፒኤን (የስልክዎን መልእክት በሙሉ ጠቅልሎ በሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ሲበራ በአንድ ጊዜ አራት ነገር ይለወጣል። የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚፈታው አገልግሎት ይቀየራል፤ መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ ይቀየራል፤ ድረ ገጹ የሚያየው የእርስዎ አድራሻ ይቀየራል፤ የሚላከው ጥቅል መጠንም ያንሳል። ከአራቱ አንዱ ተበላሽቶ ከነበረ ገጹ ይከፈታል። የትኛው እንደነበረ ግን ቪፒኤኑ አይናገርም። እገዳ ደግሞ ሊኖሩ ከሚችሉት ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነው።

አንድ ገጽ እስኪከፈት

ኮምፒውተር የሚያውቀው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ስለዚህ በማሰሻው (ብሮውዘር) ላይ የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ ስልኩ መጀመሪያ ዲኤንኤስ የሚባለውን አገልግሎት «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥሩ፣ ማለትም አይፒ አድራሻው፣ ሲመጣ ስልኩና ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) «አለህ?» «አለሁ» ተባብለው መስመር ይዘረጋሉ። ቀጥሎ ሌላ ሰው እንዳያነበው መስመሩን በምስጢር ይቆልፉታል። ይዘቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው።

እያንዳንዱ እርምጃ ደርሶ መልስ ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ሆኖ አንዱ ደርሶ መልስ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ለመስመሩ አንድ፣ ለምስጢሩ አንድ፣ ለጥያቄው አንድ ሲቆጠር የገጹ የመጀመሪያ ፊደል ሳይታይ 600 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። ይህም አንድም ፓኬት መንገድ ላይ ሳይጠፋ ነው። ትልልቆቹ የቪዲዮና የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ቅጂያቸውን ለተጠቃሚው በሚቀርቡ ሰርቨሮች ላይ ስለሚያስቀምጡ ይህ ርቀት ብዙም አይሰማቸውም። የአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ገጽ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ነው ያለው። «ዩቲዩብ እየሠራ ይሄ ለምን አይሠራም?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው ነው፤ ዩቲዩብ መሥራቱ ሩቅ ያለው መንገድ ደህና መሆኑን አያረጋግጥም።

ሌላም አለ። የዛሬ ድረ ገጽ ብቻውን አይቆምም፤ የፊደል ቅርጹን ከአንድ ሰርቨር፣ ፎቶውን ከሌላ፣ «ሮቦት አይደለሁም» የሚለውን ሳጥን ከሦስተኛ ቦታ ያመጣል። ከነዚህ አንዱ ሲጠፋ ዋናው ሰርቨር ደህና ሆኖ ሳለ ተጠቃሚው ነጭ ገጽ ያያል።

ስሙ ሳይፈታ ሲቀር

የዲኤንኤስ ችግር ምልክቱ ፍጥነቱ ነው። ገጹ ብዙ ሳይዞር፣ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ፣ «ሰርቨሩ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይመጣል። ክሮም ላይ ከታች በትንሹ የሚጻፈው ኮድ «ዲኤንኤስ» ብሎ የሚጀምር ወይም «ኤንኤክስዶሜይን» የሚል ቃል ያለበት ከሆነ የተሰናከለው የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። መልእክቱ እውነቱን እየተናገረም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ ቢጻፍ ወይም ባለቤቱ የስሙን ዓመታዊ ክፍያ ሳይከፍል ቢቀር ውጤቱ ያው ነው።

ስሙ ትክክል ከሆነ ስም ፈቺውን መቀየር ነው። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ባሉ ስልኮች በኔትወርክ ቅንብሮች ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚል ምርጫ አለ። በኮምፒውተር ላይ ደግሞ በኔትወርክ ካርዱ ቅንብር ውስጥ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ይጻፋል። የመጀመሪያው የጉግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር ነጻ አገልግሎት ነው። ዊንዶውስ የድሮውን መልስ ለጊዜው ይዞ ስለሚቆይ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት አይጎዳም። ይህ ብቻውን ገጹን ከከፈተው ቪፒኤን አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።

በክራክ (ያለ ክፍያ፣ ፈቃዱ ተሰብሮ) የተጫነ ሶፍትዌር ባለበት ኮምፒውተር ላይ አንድ የተደበቀ ቦታ መታየት አለበት። ዊንዶውስ ዲኤንኤስን ከመጠየቁ በፊት «ሆስትስ» የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያነባል፤ እዚያ የተጻፈውን ያለ ጥያቄ ያምናል። አንዳንድ ክራኮች የሶፍትዌሩ አምራች ድረ ገጽ እንዳይደረስ ስሙን እዚህ ፋይል ውስጥ 127.0.0.1 ከሚለው ቁጥር ጋር ይጽፉታል። ይህ ቁጥር «እኔው ራሴ» ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ገጹን ከራሱ ሆድ ይፈልገዋል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ያው ገጽ በዚያው ዋይፋይ ላይ በስልክ ከተከፈተ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ዲኤንኤስ ትልልቆቹንም ይጥላቸዋል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ሲጠፉ ኩባንያው በራሱ የጥገና ስህተት ወደ ዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ የሚወስደውን መንገድ ከኢንተርኔት ካርታ ላይ አንስቶት ነበር። ስሙን የሚፈታለት አልተገኘም። ያን ዕለት ቪፒኤን የትም አያደርስም ነበር።

ጠብቆ መቅረት፣ መቋረጥ፣ እምቢታ

ስሙ ተፈትቶ መስመሩ ካልተዘረጋ ማሰሻው ከሦስት መልእክቶች አንዱን ያሳያል። ሰዎች ሦስቱንም «አልከፍት አለ» ብለው ያልፏቸዋል እንጂ ትርጉማቸው ለየቅል ነው። «ታይምድ አውት» ስልኩ ጠርቶ መልስ ሲያጣ ነው፤ ፓኬቱ መንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ወይም ሰርቨሩ ሞቷል፣ ወይም አንድ ማጣሪያ ዝም ብሎ ጥሎታል። «ሪፊውዝድ» ማሽኑ ተገኝቶ አገልግሎቱ ግን እንዳልተነሳ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ጉዳይ ነው። «ሪሴት» ደግሞ ንግግሩ ከተጀመረ በኋላ አንዱ ወገን፣ ወይም መሐል ያለ ሦስተኛ አካል፣ ገመዱን ሲበጥስ የሚመጣ ነው።

የእገዳ ጥርጣሬ ቦታው እዚህ ነው። ጥርጣሬው ደግሞ መሠረት የለሽ አይደለም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቪፒኤን አይገቡም ነበር። ቪፒኤንን የቤት ዕቃ ያደረገው ያ ጊዜ ነው። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ስልኩ የሚፈልገውን የድረ ገጽ ስም ብዙ ጊዜ በግልጽ ስለሚናገር መሐል ላይ የተቀመጠ ማጣሪያ ያንን ስም አይቶ መቁረጥ ይችላል። ግን ይህንኑ የሚያደርጉ ሌሎችም አሉ፤ የመሥሪያ ቤት ወይም የግቢ ፋየርዎል (የሚገባውንና የሚወጣውን መልእክት የሚያጣራ ዘበኛ)፣ የኮምፒውተሩ አንቲቫይረስ፣ የወላጅ ቁጥጥር የበራበት ራውተር።

እገዳን ከብልሽት የሚለየው ወጥነቱ ነው። የታገደ ገጽ በዚያ ኔትወርክ ላይ በየትኛውም ስልክ፣ ከየትኛውም ሰፈር፣ ጠዋትም ማታም በተመሳሳይ መልእክት ይቆማል። አቶቴ ላይ ተከፍቶ ፒያሳ ላይ እምቢ የሚል፣ ወይም ማታ ጠፍቶ ሌሊት የሚመለስ ገጽ ግን መጨናነቅን ወይም የመንገድ ችግርን ነው የሚያሳየው።

መንገዱ ራሱ ረጅም ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሯ በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ነው ከባሕር ሥር ኬብሎች የሚገናኘው። ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ቀይ ባሕር ውስጥ ጅዳ አካባቢ ኬብሎች ሲቆረጡ ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ደቡብ እስያ ኢንተርኔት ተንቀራፎ ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳት ሁሉንም ድረ ገጽ እኩል አይመታም፤ ትራፊኩ በሌላ ኬብል የሚያልፈው ምንም አይነካውም። ቪፒኤን እዚህ ላይ የሚረዳው መንገዱን ስለሚያዞር ነው።

ግማሹ ተከፍቶ ግማሹ ሲንጠለጠል

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ «አንዳንዱ ገጽ ብቻ እምቢ አለኝ» ለሚለው አቤቱታ ግን በተለይ በቤትና በቢሮ መስመር ላይ የሚገባው ምክንያት የፓኬት መጠን ነው። በተራው የኔትወርክ ገመድ አንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይሸከማል። ይህ ጣሪያ ኤምቲዩ ይባላል። መስመሩ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል በሚገባ ፒፒፒኦኢ የሚባል ዘዴ የሚሠራ ከሆነ ዘዴው ለራሱ 8 ባይት ይወስዳል፤ የሚተርፈው 1492 ነው።

ስምንት ባይት ኢምንት ትመስላለች። ሩቅ ያለው ሰርቨር ግን ይህን ሳያውቅ ሙሉ 1500 ባይት ጭኖ ይልካል። ፓኬቱ ጠባቡ ቦታ ሲደርስ አያልፍም፤ በዚያ ያለው ራውተር «ከ1492 አይብለጥ» የሚል ማስታወሻ ወደ ሰርቨሩ መመለስ አለበት። ሰርቨሩ ጋ ያለው ፋየርዎል እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎችን ለጥንቃቄ ብሎ የሚጥል ከሆነ ሰርቨሩ ምንም አይሰማም፤ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል፣ ፓኬቱም ደግሞ ደጋግሞ ይወድቃል።

ተጠቃሚው የሚያየው እንግዳ ነገር ነው። ስሙ ይፈታል፣ መስመሩ ይዘረጋል፣ የገጹ ርዕስ እንኳ በማሰሻው አናት ላይ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ ዝም። የመጀመሪያዎቹ ፓኬቶች ትንንሽ ስለሆኑ አልፈዋል፤ የቆመው ትልቁ ነው። ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ ይከፈታል፣ ፎቶ የሞላበት ይንጠለጠላል። ፋይል መጫን ወይም ቅጽ መላክም ላይ ያው ሊሆን ይችላል። ፓኬታቸውን ቀድመው የሚያሳንሱ ትልልቅ ድረ ገጾች ደግሞ ምንም ስለማይሆኑ «ኢንተርኔቱማ ደህና ነው» ያሰኛል።

መፈተኛው ዊንዶውስ ላይ ያለው ፒንግ የሚባል ትእዛዝ ነው። ፒንግ በኤፍ ፊደል «አትቁረጠው» ተብሎ፣ በኤል ፊደል መጠኑ 1464 ተደርጎ ወደማይከፈተው ገጽ ወይም ወደ 8.8.8.8 ይላካል (ሲጻፍ ping -f -l 1464 8.8.8.8 ነው)። 1464 የሚሆነው ከ1492 ላይ 28 ባይት ለአድራሻ ጽሑፉ ስለሚቀነስ ነው። 1464 አልፎ 1465 ካላለፈ የመስመሩ ጣሪያ በትክክል 1492 ነው። 1464 ራሱ ካላለፈ በየ10 እየቀነሱ የሚያልፈውን ማግኘት፣ በዚያ ላይ 28 መደመር። የተገኘው ቁጥር በራውተሩ የኢንተርኔት መስመር ቅንብር ውስጥ ኤምቲዩ በሚለው ቦታ ይገባል። «ኤምኤስኤስ ክላምፕ» የሚል ምርጫ ያለው ራውተር ከሆነ እሱን ማብራት ይበልጣል፤ ሰርቨሩን ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ «ከ1452 በላይ አትጫን» ስለሚለው ማስታወሻው ጠፋ አልጠፋ ግድ አይሰጥም።

እንግዲህ ቪፒኤን ይህን ለምን «እንደሚፈውሰው» ግልጽ ነው። ዋየርጋርድ የሚባለው የተለመደ የቪፒኤን ዘዴ ፓኬቱን በራሱ ልማድ 1420 ያደርገዋል። ከጠባቡ ቦታ ጠበብ ያለ ስለሆነ ያልፋል። ማንም ምንም አላገደም።

ቀኑ የጠፋበት ኮምፒውተር፣ ያረጀ ስልክ

መስመሩን በምስጢር የሚቆልፈው እርምጃ ሰርተፊኬት ይፈልጋል፤ የድረ ገጹ መታወቂያ ማለት ነው፤ እንደ መታወቂያ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ማሰሻው ቀኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱን የሞላ ኮምፒውተር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ለእሱ የዛሬ ሰርተፊኬቶች ሁሉ ገና አልተወለዱም። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በየገጹ ይደረደራል። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማድረግ፣ ማለትም የስድስት ሰዓት ልዩነት፣ ድረ ገጾቹን ብዙም አይነካም፤ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጡትን የማረጋገጫ ኮዶች ግን ያበላሻል።

መብራት በሚጠፋበት ቤት ያሉ ያረጁ ዴስክቶፖች ይህን ስህተት በራሳቸው ይሠሩታል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ካለቀች መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው ዓመት ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት ቀን ማስተካከል የለመደ የጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገው ባትሪዋን መቀየር ብቻ ነው።

ከ7.1.1 በታች አንድሮይድ ያላቸው ስልኮች ችግራቸው ሌላ ነው። በርካታ ድረ ገጾች ሰርተፊኬታቸውን በነጻ የሚያገኙት ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለ ድርጅት ነው፤ እነዚህ ስልኮች ደግሞ የድርጅቱን ዋና ማኅተም አያውቁትም። ለእነሱ ሲባል የቆየው፣ አዲሱን ማኅተም ከሚያውቁት የድሮ ማኅተም ጋር የሚያያይዘው ማገናኛ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. አብቅቷል። የራሱን የማኅተም ዝርዝር ይዞ የሚዞረው ፋየርፎክስ ስልኩ ላይ የሚጫን ከሆነ መውጫ ይሆናል።

በጎረቤት ጥፋት

ገጹ ተከፍቶ 403 («አይፈቀድም») ወይም 429 («ጥያቄ በዛ») ሲል፣ ወይም የመብራትና የብስክሌት ሥዕል እያስመረጠ ሲያለፋ፣ መንስኤው ብዙ ጊዜ አድራሻው ነው። የአሮጌው ዓይነት አይፒ አድራሻ ጠቅላላ ብዛቱ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ለሁሉ አይዳረስም፤ የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኛን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ከመካከላቸው የአንዱ ስልክ በቫይረስ ተይዞ መልእክት ሲረጭ ድረ ገጹ አድራሻውን ይዘጋል፤ ንጹሑም አብሮ ይቀጣል። ዳታውን አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ ሌላ አድራሻ ያሰጣል። ነጻ ቪፒኤን ደግሞ እዚህ ላይ ሊያብስ ይችላል፤ የሱም አድራሻ በብዙ ሺህ ሰው የተጋራ ነውና።

ቁጥሩ በ5 የሚጀምር ከሆነ (500፣ 502፣ 503፣ 504) ጥፋቱ ከወዲያ ማዶ ነው። የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ገጹን ደጋግሞ ማደስ ወረፋውን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም። ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ክላውድፍሌር በውስጥ ስህተት ሲወድቅ ኤክስና ቻትጂፒቲን ጨምሮ ብዙ ገጾች ይህንኑ በ5 የሚጀምር ቁጥር አሳይተው ነበር፤ ያን ዕለት ራውተር ያጠፋና ያበራ ሁሉ በከንቱ ደክሟል።

ፓኬጅና የካፌ ዋይፋይ

ሁለት ተራ ነገሮች ከሁሉም በፊት መታየት ይገባቸዋል። የአንድ ማኅበራዊ ሚዲያ ፓኬጅ ብቻ የገዛ ስልክ ያንን መተግበሪያ ይከፍታል፤ እዚያ ውስጥ የተላከ ሊንክ ሲነካ ግን ከፓኬጁ ውጭ ወዳለ ገጽ ይወጣልና ይቆማል። እገዳ የሚመስለው ባዶ ሒሳብ ነው።

የሆቴልና የካፌ ዋይፋይ ደግሞ መጀመሪያ የመግቢያ ገጹን ማሳየት ይፈልጋል። በምስጢር የተቆለፉ ገጾች ይህን ጣልቃ ገብነት ስለማይቀበሉ ሁሉም ነገር የተዘጋ ይመስላል። «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ላይ የተወሰነ ስም የተጻፈበት አንድሮይድም የመግቢያ ገጹን ሊያጣው ይችላል፤ ለጊዜው «አውቶማቲክ» ላይ መመለስ ይበቃል።

ከየት ይጀመር

ፍተሻው ካልተቸኮለ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሕጉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ያው ገጽ በድብቅ መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ይከፈት፤ ከተከፈተ ጥፋቱ ካሽ (ማሰሻው ያከማቸው የገጹ የድሮ ቅጂ)፣ ኩኪ (ድረ ገጹ ማሰሻው ላይ የሚተወው ማስታወሻ) ወይም የማሰሻ ተቀጥላ (ኤክስቴንሽን) ነው። ካልተከፈተ በዚያው ዋይፋይ ሌላ ስልክ ይሞከር። ሁለቱም ላይ እምቢ ካለ ዋይፋዩ ጠፍቶ በሞባይል ዳታ፤ የሚቻል ከሆነ በሌላ ኩባንያ ሲም። በዳታ ተከፍቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ ዲኤንኤሱን፣ ቀጥሎ ኤምቲዩውን መፈተሽ። በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች መስመር እምቢ ካለ ችግሩ ከድረ ገጹ ወይም ከመንገዱ ነው፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያለ ሰው እንዲሞክረው መጠየቅ ይለየዋል። ቪፒኤን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ከበራ የነበረውን ምልክት ሁሉ ያጠፋዋል።

ወደ ጥሪ ማዕከል የሚደወል ከሆነ «ኔትወርክ የለም» ማለት ከተለመደው «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» በቀር ሌላ መልስ አያመጣም። የገጹ ሙሉ ስም፣ የታየው መልእክት ከነኮዱ (የስክሪን ፎቶ ቢሆን ይሻላል)፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ በየትኞቹ መስመሮች እንደተሞከረ፣ ዲኤንኤስ ተቀይሮ እንደሆነ፣ ያለፈው የፒንግ መጠን ስንት እንደሆነ ከተነገረ ግን ጉዳዩ ስልክ ካነሳው ሠራተኛ አልፎ ቴክኒክ ክፍል የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል።